የኢሕሳን በርሜል

ጅማ፣ ሄርማታ
ግንቦት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለኢሕሳን፣

አሰላሙ ዓለይኪ። እኔ ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ጉልበቴ ቢያጉረመርምም ይታዘዛል፤ ጆሮዬ ግን ከረመዳን ወዲህ ጭራሹን ትቶኛል። ስለዚህ ስልክ አትደውዪልኝ። አብራኝ የምትኖረው ፈሂማ ስልኩን ይዛ አንቺ ያልሽውን ወደ እኔ ስትጮኽ፣ እኔ ያልኩትን ወደ አንቺ ስትጮኽ፣ የሰፈሩ ሰው ጉዳያችንን ሁሉ ሰምቶ ያድራል። ጻፊልኝ። ሸኩር በሚኒባሱ ከአጋሮ ጅማ በየቀኑ ስለሚመላለስ ወረቀቱን ያደርሳል። ሰውየው ወሬኛ ቢሆንም የሰው ደብዳቤ አይከፍትም።

የቡና ነጋዴው ሐጂ አባቦራ ኩሬሽ ስላለበት መሬት የነገረሽ እውነት መሆኑን ጠይቀሻል። እውነት ነው። የቡናው ለቀማ ሳይደርስ ማድረቂያ አልጋ ሊሠራበት ይፈልጋል፤ እስከ መውሊድ መልስ ስጪኝ ብሎኛል። መሬቱ ከአባቴ የደረሰኝ ነው፣ ይዞታውም በስሜ ነው። ከባልሽ ተለያይተሽ ስትመጪ «ኩሬሽን ቆፍሪ፣ ዓሣሽን አርቢ፣ እንይሽ» ብዬሻለሁ እንጂ ያንቺ ነው አላልኩም። ሆኖም አንቺን ሳልሰማ ለማንም መልስ አልሰጥም።

አሁን እኔ ልጠይቅ። ባለፈው ዓርብ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሳለ ሴቶቹ ወደ እኔ እያዩ ሲንሾካሾኩ ፈሂማ ሰማች። ከኩሬሽ አጠገብ ባለ ክዳን በርሜል ውስጥ የሚኮመጥጥ ነገር ታስቀምጫለሽ አሉ። አንዷ «ለዓሣዎቹ ነው ትላለች» ብትል ሌላዋ «ዓሣም መጠጣት ጀመረ እንዴ?» ብላ ሁሉም ሳቁ። በሄርማታ የእኛ ቤት ስም ከጠመቃ ጋር ተነሥቶ አያውቅም።

በበርሜሉ ውስጥ ያለው ምንድን ነው? ከምን የተሠራ ነው? ዱቄቱን የሚያመጣልሽ ሚሊዮን የሚባለው ሰው ማን ነው፣ ስለምንስ ይመላለሳል? በኩሬዎቹ ውስጥ ያሉት ዓሣዎች ስንት ናቸው? የንጽሕና ተቆጣጣሪ ሆኜ በምግብ ቤቶች ጓዳ ስዞር አንድ ነገር ተምሬአለሁ፤ ሰው ክዳን የሚያበዛው እንዲታይ በማይፈልገው ነገር ላይ ነው።

አክስትሽ አፊፋ

አጋሮ
ግንቦት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩት አክስቴ ለወይዘሮ አፊፋ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ አንድ ጊዜ ለሰላምታው፣ አንድ ጊዜ ለተግሣጹ። ጆሮዎን አላህ ያሽርልዎት። የዘገየሁት ለመሸሽ አይደለም። መኖ ፍለጋ ሰቃ ድረስ ሄጄ ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ።

በበርሜሉ ውስጥ መጠጥ የለም። ከጠመቅሁ እጄ ይድረቅ። ዱቄቱ ፕሮባዮቲክ ይባላል፤ በዓይን የማይታዩ፣ ሕይወት ያላቸው ጥቃቅን ነገሮች ናቸው። ወተቱን እርጎ የሚያደርጉት ዓይነት ብለው ያስቡት፤ የመጡትም ከወተት ነው። ከሥጋም ከሌላም እርም ነገር የሌለበት መሆኑን አስቀድሜ ጠይቄአለሁ። ለብ ባለ ውሃ ሞላሰስ ከሚሉት ጥቂት የስኳር ዝቃጭ ጋር በጥብጬ አሳድረዋለሁ። ኮምጠጥ ያለ ሽታ ሲያወጣ ተባዝተዋል ማለት ነው። ያኔ ፉርሽካና ፋጉሎው ላይ አርከፈክፈዋለሁ፣ ጥላ ሥር ሰሌን ላይ አናፍሼ በዚያው ቀን አበላቸዋለሁ። ዓሣው አንጀት ውስጥ ሲገቡ ለክፉው ተሕዋስ ቦታ ያሳጡታል፣ መኖውንም ያስማሙታል። መድኃኒት አይደለም፤ ሚሊዮንም መድኃኒት ነው ብሎኝ አያውቅም። ግን አምና በክረምቱ ክንፋቸው እየተበላ ጎናቸው እየቆሰለ ያስለቀሱኝ ቆሮሶ ዓሣዎቼ፣ ይህን ከጀመርኩ ወዲህ ቆዳቸው ጠርቷል። ክዳኑ ለዝንብ ነው።

ሚሊዮን የዓሣ ባለሙያ ነው። ለእኔ ብቻ ሳይሆን በዚህ ወረዳ ኩሬ ላለው ሁሉ ይመላለሳል። የጠረጠሩትን ነገር በተመለከተ፣ ሚስቱ ጽዮናዊት ባለፈው አብራው መጥታ ነበር። እሱ ስለ ዓሣ አንጀት ማውራት ሲጀምር «ሠርጋችን ቀንም ይህንኑ ነው ያወራው» ብላ አሳቀችኝ። እርስዎንም ሰላም ብላለች።

አክስቴ፣ ከፍቺው በኋላ የማንም ቤት ጥግ ሳልይዝ የቆምኩት በእነዚህ ሁለት ኩሬዎች ነው። የአባቦራ አልጋ ሌላም ቦታ ይቆማል። የእኔ ኩሬ ግን ምንጩ ካለበት ሌላ ቦታ አይሄድም። የቀረውን ጥያቄዎን ሌላ ጊዜ እመልሳለሁ።

ልጅዎ ኢሕሳን

ጅማ፣ ሄርማታ
ሰኔ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢሕሳን፣

ዒዱ በሰላም አለፈ፤ ላንቺም እንዲሁ እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ። የላክሽው ዓሣ ደርሶኛል። ጥሩ ነበር፤ ነገር ግን አንድ ጥሩ ዓሣ ስለ ኩሬው ሁሉ አይናገርም።

«የቀረውን ጥያቄዎን» ያልሽው የዓሣዎቹን ቁጥር ነው። አራት ጥያቄ ጠይቄ ሦስቱን ብቻ መልሰሻል። አልረሳሁትም።

ስለ ዱቄቱ የጻፍሽውን አስቤበታለሁ። ሐሰት ነው አልልም፤ እርጎ እንዴት እንደሚረጋ ከአንቺ አልማርም። ነገር ግን ቆዳቸው የጠራው በዱቄቱ ነው ወይስ አምና ከነበረው ዝናብ የዘንድሮው ዘግይቶ ስለገባ ነው? አንቺም አታውቂም። ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ለላይኛው ኩሬ የበርሜሉን መኖ ስጪ፤ ለታችኛው ያለ ዱቄት ያንኑ መኖ ስጪ። ሌላው ሁሉ እኩል ይሁን። ክረምቱ በሁለቱ ላይ እኩል ይዝነብ። ከመውሊድ በፊት ልዩነቱን ንገሪኝ፤ ልዩነት ካለ ሐጂ አባቦራ ሌላ ቦታ ይፈልጋል። ከሌለ ግን በዱቄት ላይ የቆመ ሥራ ይዘሽ በመሬቱ ላይ አትቆዪም።

ብቻሽን መልፋትሽም ደስ አይለኝም። ፈሂማ ከሸኩር ጋር ከነገ ወዲያ ትመጣለች። ከልጅነቷ እዚህ ቤት ያደገች፣ እጇ የማይተኛ ሴት ናት። በርሜሉንም መኖውንም ለእሷ ተዪላት፤ አንቺ ገበያሽን ተከታተዪ። ለእኔ ጎረቤቴ ዙህራ አለችልኝ፤ በር ሲንኳኳ ታያለች።

ሌላ ምክንያት የለኝም።

አፊፋ

አጋሮ
ሐምሌ 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩት አክስቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ብርዱን እንዴት ቻለው? የላኩልኝ ጋቢ ደርሶኛል፤ አላህ በጀነት ይተካልዎት። ዙህራን፣ ልጆቿን፣ የመድረሳውን ሼህ፣ ሁሉንም ሰላም ይበሉልኝ። ዝናቡ እዚህ ጀምሮ አላባራም። ፀሐይ የሚባል ነገር ካየን ቆየን፤ ቡናው ግን በደንብ ይዟል ይላሉ።

ፈሂማን ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። ምን ዓይነት እጅ ነው! ቤቱን፣ ጓዳውን፣ የዓሣ ማጠቢያውን አበራችው። ለሱብሒ ሶላት ተነሥታ እሳት ታነዳለች፤ እኔ ስነሣ ዕቃው ሁሉ ታጥቦ፣ ቤቱ በወይራ ጢስ ታውዶ ይጠብቀኛል። እኔ ዓሣውን ለሆቴሎቹ ሳደርስ የምውልበት ቀን ስለበዛ፣ እንዳሉኝ በርሜሉን ለእሷ ትቼዋለሁ። እንዴት እንደሚበጠበጥ አንድ ጊዜ አሳየኋት፤ «ቶሌ፣ ገብቶኛል» አለችኝ። ሥራ ሁለት ጊዜ ቢያሳዩዋት የምትቀየም ሴት ናት።

ምን እንደምትጽፍልዎት አላውቅም። መጻፍ እንደማትችል አውቃለሁ፤ ግን ሸኩር መጥቶ በሄደ ቁጥር መኪናው በር ላይ ቆማ ብዙ ታወራዋለች።

ለሁለቱ ኩሬዎች ያዘዙትን አድርጌአለሁ። ዓሣዎቹ አሉ።

ልጅዎ ኢሕሳን

ጅማ፣ ሄርማታ
ሐምሌ 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢሕሳን፣

ሰላምታሽን ለዙህራም ለልጆቿም ለሼሁም አድርሻለሁ። ሰላምታ የበዛበት ደብዳቤ ሲደርሰኝ መጨረሻውን አስቀድሜ አነባለሁ። «ዓሣዎቹ አሉ» ይላል። ደህና ናቸው አይልም።

ፈሂማ ከሸኩር ጋር ስለምትነጋገረው ነገር ጠይቀሻል፤ አልደብቅሽም። ፈሂማን የላክሁት እንድታግዝሽ ነው፤ እንድታይልኝም ነው። ሁለቱም እውነት ነው። ስትሄድ «ከበርሜሉ ዓይንሽን አትንቀዪ፣ የሚሸት ነገር ካለ አሳውቂኝ፣ ንጽሕናሽንም አትርሺ» ብያታለሁ። የላከችብኝ መልስ እንዲህ ነው። በርሜሉ ውስጥ የመጠጥ ሽታ የለም፤ የኮመጠጠ ነገርም የለም። በዚህ በኩል ልቤ ዐርፏል፤ ለሴቶቹም በአደባባይ ነግሬአቸዋለሁ።

በሌላ በኩል ግን የሞቱ ዓሣዎች ከኮባው ሥር እየተቀበሩ መሆኑን ነግራኛለች። ከላይኛውም ከታችኛውም ኩሬ። እኩል።

ይህን ከአንቺ መስማት ነበረብኝ። ከሚኒባስ ሾፌር ሰማሁት።

እውነቱን ጻፊልኝ። ቁጥሩንም ጨምሪ።

አፊፋ

አጋሮ
ሐምሌ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩት አክስቴ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። መልሴ የዘገየው ተናድጄ ስለነበር ነው። ተናድጄ የጻፍኩትን ቀድጄዋለሁ፤ ይህ የተረፈው ነው።

አዎ፣ እየሞቱ ነው። መጀመሪያ መኖ ተዉ፤ ቀጥሎ ጠዋት ጠዋት ውሃው ላይ አፋቸውን እየከፈቱ መታየት ጀመሩ፤ ከዚያ አምና የማውቀው ቁስል መጣ። ቁጥሩን የደበቅሁዎት ስላበዛሁት ነው። ዱቄቱ ሲሠራ አይቼ ኩሬው ከሚችለው በላይ የዓሣ ጫጩት ጨመርኩ። ሚሊዮን አይሆንም ብሎኝ ነበር። ሆቴሎቹ አምጪ አምጪ ሲሉኝ አልሰማሁትም። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ለማንም አላሳልፈውም።

ግን ጥፋቱ የእኔ ብቻ ከሆነ የላይኛው ኩሬ ለምን ከታችኛው እኩል ታመመ? ሚሊዮን ትናንት መጥቶ በርሜሉን ከፍቶ አሸተተ፣ ጣቱን ነክሮ ቀመሰ። ፊቱ ተለወጠ። «ኢሕሳን፣ ይሄ የሞተ ነገር ነው» አለኝ። አንዳች ኮምጣጣ የለውም፤ የሞላሰስ ውሃ ብቻ ነው። ዱቄቱ መንገድ ላይ ፀሐይ መትቶት ይሆናል ብሎ ሌላ ሊያስመጣ ሄዷል። እኔ ግን ሌላ ነገር አስባለሁ። ከሰኔ በፊት ያው ዱቄት፣ ከዚያው ካርቶን፣ ይሠራ ነበር።

አክስቴ፣ በርሜሉን የምትነካው ፈሂማ ብቻ ናት። ባለፈው ገበያ ቀን ከሐጂ አባቦራ ዘበኛ ጋር ቆማ ስትስቅ አይቻታለሁ። ምን ጨመርሽበት ብዬ ስጠይቃት በቁርኣን ማለች። «ወላሂ፣ ክፉ ነገር አላስነካሁትም» ብላ ቀኑን ሙሉ አኮረፈችኝ። እሷን ማመን ፈልጌ ነበር። ግን እርስዎ ዓይን አድርገው የላኩብኝን ሰው እንዴት አድርጌ ልመን? ሌሊት አጠገቤ የተኛችው እኔን ለማገዝ ይሁን ለመቁጠር አላውቅም።

አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ። ዝናቡ እስኪያባራ፣ አዲሱ ዱቄት እስኪመጣ ይታገሡኝ። ለሐጂ ገና አይመልሱለት።

ኢሕሳን

ጅማ፣ ሄርማታ
ነሐሴ 27 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለኢሕሳን፣

መዘግየቴን ይቅር በዪኝ። ሳላስብበት አልጻፍኩም።

ጥፋትሽን ስላመንሽ አመሰግንሻለሁ፤ ቀድመሽ ብታምኚው ይበልጥ አመሰግንሽ ነበር። ፈሂማን በመርዝ መጠርጠርሽን ግን አልቀበልም። ከጡት እንደወረደች አሳድጌአታለሁ፤ የማለችበትን ነገር አታጥፍም። ሚሊዮንሽ ዱቄቱ ሞቷል ሲል ፀሐዩን ከሰሰ፤ አንቺ ፈሂማን ከሰስሽ። ሁለታችሁም ዱቄቱን አልከሰሳችሁም። እኔ በነገርኩሽ መንገድ ተፈትኗል፤ ያገኘውም ያላገኘውም ኩሬ እኩል ታመመ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልጠብቅም።

ትናንት ሐጂ አባቦራ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር መጣ። ከለቀማው በፊት መሬቱን እንደምለቅለት ነገርኩት፤ ቃሉን ለማሰር ፋቲሓ ተደረገ። የተረፉትን ዓሣዎች እስከ መስከረም መጨረሻ አውጪና ሽጪ። ማረፊያ ካጣሽ እዚህ ክፍል አለ።

ፈሂማን መልሺልኝ።

አፊፋ

ጅማ፣ ሄርማታ
መስከረም 10 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢሕሳን፣

ለላክሁት ደብዳቤ መልስ አልሰጠሽም። አልጠበቅሁም። ይህን ግን እስከ መጨረሻው አንብቢው።

ፈሂማ ዓርብ ዕለት ደረሰች። አንቺ እንዳልተሰናበትሻት ነገረችኝ፤ በዚህም በጣም አዝናለች። ማታ ጓዳ ተቀምጣ የወተት ቅሉን ስታጥን አጠገቧ ተቀመጥሁ። እንደምታውቂው ወይራውን ታቀጣጥላለች፣ ፍሙን ቅሉ ውስጥ ትጨምራለች፣ ትከድነዋለች፣ ትንጠዋለች፣ ውስጡ እስኪጠቁር። እናቴም እንዲሁ ታደርግ ነበር፤ በዚህ አገር ያልታጠነ ቅል ለእንግዳ አይቀርብም። ወተቱም በቶሎ አይበላሽም። ስለምን እንደሆነ የጤና ትምህርት ስማር ነው የገባኝ፤ ጢሱ የሚያበላሸውን ተሕዋስ ይገድላል።

እንደ ዘበት ነው የጠየቅኋት፤ ያንን በርሜል እንዴት ትይዢው ነበር አልኳት። ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብላ በጩኸት ነገረችኝ።

«እትዬ፣ በየቀኑ በፈላ ውሃ አጥቤ እንደ ቅል አጥነው ነበር። ዱቄቱንም እየፈላ ባለ ውሃ ነበር የምበጠብጠው። ለብ ያለ ጥሬ ውሃ ለፍጥረት ይሰጣል እንዴ?»

«ኢሕሳን እንዲህ አድርጊ አለችሽ?»

«እሷማ ለብ ይበል፣ ይኮምጥጥ ነው የምትለው። ማሎ እትዬ፣ እንዲኮመጥጥ ልተወው? እዚያ ለቅሶ ቤት የሳቁባትን እኔ ነኝ የሰማሁት። ከኮመጠጠ ይሸታል፣ ከሸተተ ስሟ ይጠፋል። እኔ እያለሁ አንድ ቀን አልሸተተም። ሽታ የለውም ብዬ ስልክብዎትም ደስ ብሎዎት ነበር።»

ደስ ብሎኝ ነበር። በአደባባይም ተናግሬዋለሁ።

ዓሣዎችሽን የሚጠብቁትን ነገሮች በየቀኑ በፈላ ውሃና በጢስ የገደልናቸው እኛ ነን። እሷ በእጇ፣ እኔ በቃሌ። በፈተንሁት መንገድ ሁለቱም ኩሬዎች ያለ ዱቄት ነበሩ። ያበዛሽው ዓሣ ጉዳቱን አከፋው እንጂ አልጀመረውም። ከዘበኛው ጋር ስለመሳቋም ጠይቄአታለሁ። የእናቷ አገር ሰው ሆኖ ነው፤ ሚስቱ መንታ ስለወለደች ፈሂማ አንዱን ልውሰድ እያለች ታበሽቀው ነበር።

ፈሂማ መጀመሪያ የበደለችሽ አልመሰላትም። ነግሬአት ነበር፤ «ታዲያ ንጹሕ ነገር ይገድላል?» ብላ አፈጠጠችብኝ። ከዚያ ገብቷት ሁለት ቀን እህል አልቀመሰችም። እሷን አትክሰሺ።

ቀጥሎ ያደረግሁትን ልንገርሽ። በማግስቱ ሐጂ አባቦራ ሱቅ ሄድሁ። ፋቲሓውን ያደረጉት ሽማግሌዎችም እንዲገኙ አድርጌአለሁ። ጆሮ እንዲሆነኝ ፈሂማን ይዣት ገባሁ፤ የተባለውን ሁሉ እየደጋገመች ስለነገረችኝ አንድም አላመለጠኝም። መሬቱን እንደማልሰጠው፣ ቃሌን የሰጠሁት በተሳሳተ ነገር ላይ ቆሜ መሆኑን ነገርኩት።

ሰውየው አልተቆጣም። መቁጠሪያውን እያሽከረከረ «ወይዘሮ አፊፋ፣ ዓሣዎቹ መጥተው መሰከሩልዎት?» አለ። ሱቅ ውስጥ የነበረው ሁሉ ሳቀ።

«ዓሣ አይመሰክርም፣ ሐጂ። የመሰከረችው ይህች ናት» አልሁት።

«እኛ ከሌላ ሰው ጋር ስንስማማ ጽሑፍ እንይዛለን። ከእርስዎ ጋር ግን አፊፋ ካለች አለች ብለን ነው ያለ ጽሑፍ የተነሣነው። ከእንግዲህ ለእርስዎም ወረቀት እናዘጋጃለን።»

ይህን ፈሂማ ልትደግምልኝ አልፈለገችም። አፉን አይቼ ገብቶኛል፤ ድገሚው አልኳት፤ ደገመችው።

ሽማግሌዎቹ ፋቲሓውን አፈረሱ። አንደኛው እስካሁን ሰላምታ አይሰጠኝም፤ ተገቢ ነው። መሬቱ ላንቺ ነው። ማረፊያ ካጣሽ ያልሁትንም ሰርዤዋለሁ፤ ማረፊያሽ እዚያው ነው።

ይቅር በዪኝ አልልሽም። መጀመሪያ መልስሽን ልየው።

አፊፋ

አጋሮ
መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለተከበሩት አክስቴ ለወይዘሮ አፊፋ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። እንደምን ከረሙ?

ደብዳቤዎን ለሚሊዮን አነበብኩለት። መጀመሪያ ሳቀ፤ ወይራው ጋ ስደርስ ግን «ለሁለት ወር የት እንደሳትኩ ሳስብ ነበር» አለ። በመጨረሻ የደረሰልንን አዲሱን ዱቄት በጥብጠነዋል። ትናንት ኮመጠጠ። ዝናቡም እያባራ ነው፤ የተረፉት መኖ መብላት ጀምረዋል። በዱቄቱ ይሁን በፀሐዩ አላውቅም፤ አውቃለሁ ብዬ ብጽፍልዎት ይቀጡኛል። የበዙትን አውጥቼ ሸጫለሁ። ከእንግዲህ ኩሬው ከሚችለው በላይ አላስገባም።

ሐጂ አባቦራ ሱቅ ያደረጉትን ሸኩርም ነግሮኛል። እዚህ አጋሮ ድረስ ተወርቷል። በእርስዎ ላይ ሲሳቅ መስማት ደስ አላለኝም። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር።

ግን የልቤን ልንገርዎት። ለሐጂ ቃል ሰጥተው መለሱት። ምክንያቱ እውነት ነው፤ ምክንያት ግን ነገም አይጠፋም። ነገ ሌላ ሴት ለቅሶ ቤት ብትስቅ፣ ሌላ ሰው ቢልኩብኝ፣ ሌላ ቃል ቢለወጥ እኔ የት እቆማለሁ? ስለዚህ «መሬቱ ላንቺ ነው» የሚለው ደብዳቤዎ አይበቃኝም። ወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ይምጡና በምስክር ፊት በስሜ ይዛወርልኝ። ይህን መጠየቅ ቀላል አልሆነልኝም፤ ቢሆንም ጠይቄአለሁ።

ሁለተኛ፣ ፈሂማን ይስጡኝ። ለዕርዳታ አይደለም፤ ለምን እንደሆነ ራሴም በደንብ አላውቅም። ሳልሰናበታት መላኬ ይቆጨኛል። ደግሞም አንድን ዕቃ በየቀኑ እንደዚያ የምትይዝ ሴት፣ ምን መግደል ምን ማዳን እንዳለባት ካወቀች፣ ከእሷ የተሻለ ሰው የትም አላገኝም። ግን የምትመጣ ከሆነ የእኔ ሆና ትምጣ። ሸኩር መኪና በር ላይ ቆማ የእርስዎን ጥያቄ የምትመልስ ከሆነ እዚያው ትቅር።

ያለ እሷ ጆሮ እንደሌለዎት አውቃለሁ። አውቄ ነው የጠየቅሁት።

ኢሕሳን

ጅማ፣ ሄርማታ
ጥቅምት 1 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለኢሕሳን፣

ወዓለይኪ ሰላም።

ሰኞ ጠዋት ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ እገኛለሁ። ምስክሮቹን አንቺ ምረጪ፤ እኔ የማውቃቸው አይሁኑ። መጠርጠርሽ አላስቀየመኝም። እኔም በአንቺ ቦታ ብሆን ከዚህ ያነሰ አልጠይቅም ነበር።

ፈሂማን ጠየቅኋት። እሷን ሳልጠይቅ መልስ ልሰጥሽ አልፈለግሁም። «እርስዎስ?» አለች። ዙህራ አለችልኝ አልኳት። ዙህራ ደግ ናት፤ ግን የራሷ ቤት አላት፣ ስትነግረኝም ግማሹን ትተወዋለች። ፈሂማ ይህን ታውቃለች። ሆኖም ልብሷን አጥባ አሰጥታለች። ከእኔ ጋር መጥታ እዚያው ትቀራለች።

ምንም አላዘዝኳትም። እያት አላልኳትም፣ ላኪብኝ አላልኳትም። ለሸኩርም ከእሷ የሚቀበለው መልእክት እንደሌለ ነግሬዋለሁ፤ ቅር ብሎታል፣ ወሬ አጥቷል።

ትናንት ዙህራ አንድ ነገር ልትነግረኝ ሞክራ ሳይገባኝ ቀረ። ደክሟት እጇን አውለብልባ ሄደች። ምን እንደነበረ እስካሁን አላወቅሁም፤ ቤቱ ከእንግዲህ እንዲህ ይሆናል። ስለ አንቺም ስለ ኩሬውም የማውቀው አንቺ የጻፍሽልኝን ብቻ ነው። የምትጽፊውን ሁሉ አምናለሁ ብዬ አልዋሽሽም፤ ለማመን እየሞከርኩ አነበዋለሁ።

አክስትሽ አፊፋ